ተጨባጭ ነገር

ሰሞኑን አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ገንፎው እስኪቀርብ የዘጠኝ ቀኗን ሕፃን አቀፍኳት። ጣቴን መዳፏ ላይ ጣል ባደርገው ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ፤ ላላቅቅ ብል ባሰባት። አያቷ እማማ «ያዥው የኔ እመቤት፣ ዘመድሽ ነው እኮ» አሉና የእኔንና የሷን ዘር ከነስሙ ይቆጥሩ ጀመር፤ አንድ ቤት፣ ሁለት ቤት፣ ሦስት ቤት...

ዓይኔ ግን እግሯ ላይ ቀረ። ውስጥ እግሯን ነካ ሳደርገው፣ ባቄላ የማያህሉት ጣቶቿ የሚይዙትን የሚፈልጉ ይመስል እጥፍ አሉ። ነገ የምትሄድበት እግር ምን ሊጨብጥ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1891 ሉዊስ ሮቢንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ገና የተወለዱ ሕፃናትን ጣቱን ወይም ቀጭን ዱላ እያስጨበጠ ሞክሯል። አብዛኞቹ የገዛ ክብደታቸውን ችለው ቢያንስ 10 ሰከንድ ተንጠልጥለዋል። የቺምፓንዚ ግልገል የእናቱን ጠጉር ይዞ የሚውለው እንዲሁ ነው፤ ከለቀቀ ይወድቃል። የእኛ እናቶች ገላ የሚጨበጥ ጠጉር የለውም፤ የልጃቸው እጅ ግን ዛሬም ይጨብጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ይተወዋል።

ቺምፓንዚ ስል አንድ ነገር ታሰበኝ። አገራችን ጭላዳ፣ ጉሬዛ፣ ጦጣ ሞልቷታል፤ ሁሉም ባለ ጭራ ናቸው። ጭራ የሌላቸው ቺምፓንዚና ጎሪላ በዱራችን ስለማይገኙ በውሰት ስም እንጠራቸዋለን። ሙግታችን ሁሉ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ወይ?» ላይ የሚወድቀው ለዚህም ይመስለኛል። ሳይንሱ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ቺምፓንዚ አያታችን ሳይሆን የሩቅ የአጎት ልጅ ነው። ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ቢቆጠር ከእሱ ጋር አንድ ምንጅላት ላይ እንገናኛለን።

በመንገዱ መካከል የዲኪካዋ ሰላም አለች። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 አፋር ውስጥ ያገኛት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች፣ ስትሞት የሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሕፃን ነበረች። አጥንቷን ከአሸዋማው ድንጋይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ፣ ምስር እንደሚለቀም ቅንጣት በቅንጣት ማላቀቁ ዓመታት ፈጅቷል። እግሯ ቆሞ ለመሄድ የተሠራ ነው፤ የትከሻዋ አጥንት ግን የጎሪላ ግልገል ትከሻ ይመስላል። የእግሯ አውራ ጣት ሥርም በመጠኑ ለመጨበጥ የሚያመች ቅርጽ ነበረው። የሰላም እናት ልጇን አዝላ ይሆን አቅፋ፣ ያቺ ትንሽ እግር ጎኗን ቆንጠጥ አድርጋ ስትይዛት ታየኝ።

ገንፎው ተበልቶ ለአራሷ ብርቱካን ተላጠ። ደጅ የታሰረው በግ ይህ አያስፈልገውም፤ ቫይታሚን ሲን በገዛ ጉበቱ ይሠራል። እኛ መሥራት አንችልም፤ ከምግብ ካላገኘን ድዳችን ይደማል፣ ቁስላችን አይድንም። የሚገርመው፣ ቫይታሚኑን ለመሥራት የሚያስፈልገው ዘረመል በውስጣችን አለ፤ ግን የተሰበረ ነው። ቺምፓንዚና ኦራንጉታንም ዘንድ ተሰብሮ ይገኛል፤ ያውም የጎደሉት ክፍሎች ከእኛው ጋር ይገጥማሉ።

የብራና መጻሕፍት የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህን ነገር ያውቁታል። ትክክለኛውን ቃል ሁለት ጸሐፊዎች ለየብቻቸው ሊጽፉት ይችላሉ። ያንኑ ግድፈት፣ ያንኑ መስመር ላይ፣ ደጋግሞ በሁለት መጽሐፍ ማግኘት ግን ሁለቱም ከአንድ እናት ቅጂ መገልበጣቸውን ይናገራል። ዝምድናን ከውበታችን ይልቅ ጉድለታችን አጥብቆ የሚመሰክርበት ጊዜ አለ። ከዚህ ወዲያ ሰውነቴን እንደ ነውር መደበቂያ ሳይሆን እንደ አሮጌ መጽሐፍ ነው የማየው፤ ፍቀቱም ግድፈቱም ታሪኩ ነው።

ለማይታበል ማስረጃ «ተጨባጭ» እንላለን፤ በእጅ የሚያዝ ማለታችን ነው። እማማ ሰባተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ስም አለቀባቸው። ሕፃኗ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ጣቴን ግን አልለቀቀችም።