የሰው ስፍራ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን

ሰው በፍጥረት መካከል ስፍራው ምን እንደ ሆነ ቢጠይቅ፥ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ መልሱን ሊያገኝ ይችላል። በዙሪያው ያለው አገር ታርሶና በከብት ተግጦ ሲራቆት፥ በዐጸዱ ውስጥ ግን ጥዱ፥ ወይራውና ዝግባው እንደ ጥንቱ ቆመው ይታያሉ። እኛም ከፀሐዩ ወደ ጥላው ስንገባ ሳናስበው ድምፃችን ዝቅ ይላል፤ በዚያ ስፍራ እንግዶች መሆናችንን ልባችን ያውቃልና።

የደን ሊቅ ዶክቶር ዓለማየሁ ዋሴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓመት ባቀረቡት ጥናት፥ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቁጥቋጦና ሐረግ እንደ ተገኘ ገልጸዋል። ይህን ያህል ሀብት ያቆየው፥ ስፍራው የእግዚአብሔር ነው ብሎ ሕዝቡ ማክበሩ ነው።

ነገር ግን ማክበር ያለ ጥበቃ አይበቃም። ከብት ገብቶ ቡቃያውን የበላውና የረገጠው እንደ ሆነ፥ ሽማግሌው ዛፍ ልጅ እንዳጣ ቤት ያለ ወራሽ ይቀራል። ስለዚህ በአንዳንዱ ደብር ካህናቱና ሕዝቡ ከእርሻቸው ድንጋይ እየለቀሙ በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ። በዚህም እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፥ ቡቃያውም ዳነ።

እንግዲህ የሰው ስፍራ በአሮጌው ዛፍና በቡቃያው መካከል ነው፤ ሥራውም ከአባቶቹ የተቀበለውን አደራ ለሚመጣው ትውልድ ማድረስ ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን ይዘን ለመሳለም በሄድን ጊዜ፥ ከጥላው ሥር የበቀለችውን ቡቃያ እንዳይረግጡ አስቀድመን እናሳያቸው፤ ይህም ከጸሎቱ ትምህርት አንዱ ክፍል ነው።