ግማሽ ፍጥነት ለሸቤ ቡና

በሸቤ ቡና ማጠቢያዎች ሥራው የሚጦፈው አመሻሽ ላይ ነው። ገበሬው ቀን ሲለቅም የዋለውን ቀይ እሸት ያስረክባል፤ ፓምፑም ከወንዝ ውሃ መሳብ ይጀምራል። እሸቱ ቢበዛም ቢያንስም ተራው የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያውቀው አንድ ፍጥነት ነው። ውሃው ሲተርፍ ቫልቩን ማጥበብ ነው፤ ኃይሉ ግን ይባክናል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ብክነቱ በጄኔሬተር ናፍጣ ይቆጠራል።

ፍጥነቱ የሚቀያየር ፓምፕ ይገዛ የሚሉ አሉ። ስሌቱ ያጓጓል፦ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚፈለገው ኃይል ወደ 1/8 ይወርዳል። ይህ ግን ውሃው እዚያው ለሚዞርበት የሀብታም ቤት መዋኛ ገንዳ ነው። ከወንዝ ሽቅብ ወደ ታንከር ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። በግማሽ ፍጥነት ፓምፑ ውሃ የሚያወጣበት ከፍታም ወደ 1/4 ስለሚያንስ፣ ውሃው መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ሻጭ ይህን አስቀድሞ ቢናገር ምን ነበረበት!

ይልቅ ያጠበውን ውሃ አጣርቶ ወደ መፈልፈያው መመለስ ይቅደም። መመለሻው አጭር ነውና ቀስ ብሎ የሚዞር ፓምፕ ዋጋውን የሚያወጣው እዚያ ነው። ገለፈትና ሙጫ የያዘው ውሃ ወንዝ ሲገባ ኦክስጅኑን ያሟጥጣል፤ ከታች ደግሞ በጀሪካን የሚቀዳ ሰው አለ።