ቅልጥም

እናቴ ቤት ገብተህ "በቃኝ" ማለት አይሠራም። "አንድ ያጣላል" ትልና ሁለተኛውን ጉርሻ ታስከትላለች። እንደዚያ ዓይነት ሴት ለሦስት ወር በአንድ ጎኗ ብቻ ስታኝክ ልብ አለማለቴ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። "ጥርሴ ነው" ትለኝ ነበር። ጥርሷ አልነበረም። ታችኛው ድዷ ላይ የወጣ፣ አልድን ያለ ቁስል ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታሉ በስልክ አስተርጓሚ ሊያቀርብልን ነበር፤ እሷ ግን "የማላውቀው ሰው ስለ አፌ አያወራም" አለች። ስለዚህ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ሐኪሙ ሲናገር "መጥፎ እጢ ነው" ብዬ አለሳለስኩት። ቀና ብላ አየችኝ። "ካንሰር ነው ያለው። እሱን እንኳ እኔም ሰማሁ።"

ቀጥሎ ሐኪሙ የራሱን ሱሪ ሰብስቦ ባቱን አሳየን። ከጉልበት በታች ሁለት አጥንት አለ። ውጪኛው ቀጭኑ፣ ፊቡላ የሚሉት፣ የሰውነትን ክብደት ብዙም አይሸከምም። ስለዚህ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት አጠገብ ጥቂት ሴንቲሜትር ትተው መሐሉን ይወስዱታል። ቀጥ ያለውን አጥንት ቆራርጠው እንደ መንጋጋ ያጎብጡትና በታይታኒየም ብረትና ብሎን ያስሩታል። አጥንቱ ከነደም ቅዳውና ከነደም መልሱ፣ ከቁራጭ ቆዳ ጋር ይመጣል፤ ቧንቧዎቹን በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ከአንገት ቧንቧ ጋር ይሰፏቸዋል። ዴቪድ ሂዳልጎ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ዘዴ ለመንጋጋ መጠቀሙን ያሳተመው በፈረንጅ 1989 ነው። ከእኔ በአራት ዓመት ብቻ ይበልጣል።

እናቴ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። "መስገድ እችላለሁ?"

ስግደትን በእንግሊዝኛ እንዴት ይሉታል? ቃል ሲያጥረኝ እዚያው ወለሉ ላይ ወድቄ ተነሣሁ፣ ሁለት ጊዜ። ሐኪሙ በጥሞና አየኝና "ከጥቂት ወራት በኋላ ትችል ይሆናል፤ ቁርጭምጭሚቷ ግን ሊደርቅባት ይችላል" አለ።

ቀዶ ጥገናው አሥራ አንድ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ነርሷ በየሰዓቱ እስክሪብቶ የመሰለች መሣሪያ ይዛ እየመጣች ደሙ መዞሩን ታዳምጣለች። ሹሽ፣ ሹሽ፣ ሹሽ። የተሰፋው ቧንቧ ውስጥ ደም ከረጋ፣ በጊዜ ካልተደረሰለት አጥንቱም ቆዳውም ይሞታል። ሌሊቱን ሙሉ ያንን ድምፅ ስጠብቅ አደርኩ። የእናቴን የእግር ደም በአንገቷ በኩል መስማት እንዴት እንደሚያደርግ ልነግራችሁ አልችልም።

መተንፈሻዋ በጉሮሮዋ በኩል ስለተከፈተ መናገር አትችልም ነበር። ወረቀት ሰጠኋት። ምግብ በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ የምትወስድ ሴት መጀመሪያ የጻፈችው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "በልተሃል?"

ቤት ከገባን በኋላ አፏ ውስጥ ያለው የባት ቆዳ ፀጉር አበቀለ። "ፂም አወጣሁ" ብላ ሳቀች። ሰው ፊት ግን አትበላም። ፋሲካ ዕለት እንግዶቹ ሳሎን ዶሮ ሲበሉ፣ እሷ ጓዳ በሯን ዘግታ አጥሚት ጠጣች። በጣም ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን እንጃ።

ባለፈው እሑድ ፍትፍቱን ይዤ እዚያው ጓዳ ገባሁ። እጄን ታጥቤ ትንሽዬ ጉርሻ ጠቀለልኩላት። በነጠላዋ አፏን ከልላ ተቀበለችኝ፤ እያላመጠች ብዙ ቆየች። ወጡ በአገጯ ወረደ፣ አልተሰማትም። ልጥረግላት ወይስ ልተወው እያልኩ ሳመነታ፣

"ሁለተኛውስ?" አለችኝ።