ዝላይና ውድቀት

እኛ ተማሪዎች መውደቅ የሚለውን ቃል የምናውቀው ከፈተና ማግሥት ነው። ውጤት ይለጠፋል፤ ቁጥራችንን ከላይ ወደ ታች በጣታችን እየተከተልን እንፈልጋለን፤ ካጣነው ወደቅን ማለት ነው። እኔን ግን ሰሞኑን ሲያብሰለስለኝ የከረመው ሌላው መውደቅ ነው፤ መዝለልና መውደቅ የት ላይ እንደሚለያዩ። ከአጥር ላይ የወረደ ሰው ዘለለ ይባላል። ከ31 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ራሱን የለቀቀስ? ዘለለ እንበል ወይስ ወደቀ? አንባቢ ሆይ፣ የሥራ ፈት ጥያቄ ነው ብለህ እንዳታልፈኝ።

ሰውዬው ጆሴፍ ኪቲንገር ይባላል፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ሻምበል ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1960፣ በእኛ ነሐሴ 10 ቀን 1952፣ ማለትም እዚህ የታኅሣሡ ግርግር ሊነሣ አራት ወር ሲቀረው፣ ኒው ሜክሲኮ ከተባለው ግዛት በሂሊየም በተነፋ ግዙፍ ፊኛ ሥር ተንጠልጥሎ ወደ ላይ ወጣ። መውጣቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀበት። የደረሰበት ከፍታ 31,300 ሜትር ገደማ ነው። ራስ ዳሸንን ሰባት ጊዜ ብትደራርበው እዚያው አካባቢ ትደርሳለህ።

እዚያ ሰማዩ በቀን ጥቁር ነው። አየሩ እኛ ከለመድነው መቶኛ እጅ ያህል እንኳ ቢገኝ ነው። ከ19 ኪሎ ሜትር በላይ ደግሞ አንድ ጉድ አለ፦ ግፊቱ እጅግ ከመሳሳቱ የተነሣ ውሃ በሰው ገላ ሙቀት ብቻ ይፈላል። እሳት የለ፣ ድስት የለ! ስለዚህ ሰውየውን ከሞት የሚለየው የለበሰው የግፊት ልብስ ነው። ታዲያ ወደ ላይ እየወጣ ሳለ የቀኝ እጁ ጓንት ግፊት መያዝ አቆመ። እጁ ያብጥ ጀመር። መሬት ላሉት ወዲያው ቢናገር ውረድ እንደሚሉት ያውቃል፤ ዝም አለ። እጁ አብጦ አልታዘዝ እንዳለው ከደጃፉ ላይ ቆመና ራሱን ለቀቀ። (ካረፈ ከሰዓታት በኋላ እጁ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እኔ ግን ይህን ባነበብኩበት ሌሊት የራሴን ጣቶች ስቆጥር ነበር።)

ደግሞ የመጀመሪያው አልነበረም። ከዚያ በፊት በኖቬምበር 16 ቀን 1959 ከ23 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ሲዘል፣ እንዳይሽከረከር የምትጠብቀው ትንሿ ፓራሹት ያለ ጊዜዋ ተፈታችና ገመዷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። በደቂቃ 120 ጊዜ ያህል እየዞረ ራሱን ሳተ። ያተረፈው በራሱ ጊዜ የሚከፈተው የመጠባበቂያ ፓራሹት ነው። እንግዲህ እኔና አንተ ብንሆን ከዚያ በኋላ ደረጃ እንኳ ለመውጣት እናመነታ ነበር። እሱ አንድ ወር ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 11፣ እንደገና ዘለለ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ሰው ሁሉ ከከፍታ መዝለል ሲባል የሚታየው ነፋስ ነው፤ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት፣ የሚንፈራፈር ልብስ። እዚያ ላይ ግን አየር ስለሌለ ነፋስም የለም። ኪቲንገር በሰዓት 988 ኪሎ ሜትር ሲፈጥን መፍጠኑን የሚነግረው አንዳች ነገር አልነበረም። በጀርባው ተገልብጦ ሲያይ የተንጠለጠለባት ፊኛ ወደ ላይ ስትምዘገዘግ አያት፤ እሱ የቆመ፣ እሷ የሸሸች ይመስል ነበር። ወደ ታች በቀረበ ቁጥር አየሩ እየወፈረ ይይዘዋል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ድምፁን የሚሰማው ፍጥነቱ ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው! አራት ደቂቃ ከ36 ሰከንድ እንዲህ ሲወርድ ቆይቶ ነው ትልቁ ፓራሹት የተከፈተለት።

ይህን ነገር አየር ወለድ ለነበሩት ጎረቤታችን አጫወትኳቸው። ጋሼ ብዙ የሚያወሩ ሰው አይደሉም። ቡናቸውን ፉት አሉና፣

«ለመሆኑ በሩ ላይ ምን ያህል ቆመ?» አሉኝ።

«ጥቂት ደቂቃ መሰለኝ ጋሼ።»

«እሱ ነው እንግዲህ። ሌላው ምንም አይደል። እኛ በሩ ላይ አያቆሙንም ነበር፤ ከኋላህ ያለው ይገፋሃል፣ ከፊትህ ያለው ሄዷል። ብቻውን ቆሞ ማንም ሳይገፋው… አንተ ልጅ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።»

እኔም ከዚያ ወዲህ መዝለል የሚለው ቃል ለዚያች ለአንዲቱ እርምጃ ብቻ የተሰጠ ይመስለኛል። የቀረው ሁሉ መውደቅ ነው፤ መውደቅ ደግሞ ሙያ አይጠይቅም፣ ድንጋይም ይወድቃል። ቢሆንም እዚህ ላይ ጋሼን በሙሉ ልቀበላቸው አልችልም፤ ወደ ታች የሚገድለው ነገር ብዙ ነውና።

ሩሲያዊው ፒዮትር ዶልጎቭ ምስክሬ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1962 እሱና ዬቭጌኒ አንድሬዬቭ በአንድ ፊኛ ወጡ። አንድሬዬቭ ከ25,458 ሜትር ዘሎ ያለ ማረጋጊያ ፓራሹት 24,500 ሜትር ወድቆ በደኅና መሬት ረገጠ። ዶልጎቭ ከ28 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ ከመንኮራኩሩ ሲወጣ የራስ ቁሩ መስታወት ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨና ተሰነጠቀ። ስንጥቅ ብቻ! ልብሱ ውስጥ የነበረው ግፊት አመለጠ። ፓራሹቱ ተከፍቶ መሬት ያደረሰው ሬሳውን ነው። ሁለቱም የሶቪየት ኅብረት ጀግና ተባሉ።

ኦስትሪያዊውን ፌሊክስ ባውምጋርትነርን የማያውቅ የለም፤ ኦክቶበር 14 ቀን 2012 ከ38,969 ሜትር ዘሎ በሰዓት 1,357.6 ኪሎ ሜትር በመውደቅ ከድምፅ የፈጠነው እሱ ነው። ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሰው በዚያው ቅጽበት በዩቲዩብ ሲያየው ነበር፤ እኔም ከዓመታት በኋላ በስልኬ አየሁት። ከመሬት ሆኖ በሬዲዮ ያነጋግረው የነበረው ያው አዛውንቱ ኪቲንገር ነው። መሽከርከር ሲጀምር አፌ ደረቀ፤ መጨረሻውን እያወቅሁት እንኳ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው የግፊት ልብሱ ውስጥ መታፈኑን መቋቋም አቅቶት አንድ ጊዜ ልምምዱን ጥሎ ወደ አገሩ ሄዶ ነበር። በሥነ ልቦና ባለሙያ እርዳታ ነው የተመለሰው። ለእኔ ትልቁ ዝላይ ያ መመለስ ነው፤ ካሜራ ግን አልነበረበትም። በጁላይ 2025 ኢጣሊያ ውስጥ በሞተር በሚበር ጃንጥላ ሲበር ወድቆ ሞተ፤ ከዚያ ሁሉ ከፍታ ተርፎ።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ኢኮኖሚክስ ነው የሚያጠናው፤ «ይኼ ሁሉ ገንዘብ አንድ ሰው እንዲወድቅ?» ይለኛል። በባውምጋርትነር ጊዜ መልስ አጥሬ ነበር፤ ወጪውን የቻለው ለስላሳ መጠጥ ሻጭ ነውና ማስታወቂያነቱን መካድ አይቻልም። ኪቲንገር ግን የተላከው ከአውሮፕላን በከፍታ ተወርውሮ የሚወጣ አብራሪ በሕይወት መሬት ይደርስ እንደሆነ ሊያረጋግጥ ነው። የትንሿ ፓራሹት ነገርም ከዚያ የመጣ ነው። ለአላን ዩስታስ ደግሞ ምን እንደምል አላውቅም፤ የጉግል ሹም የነበረ፣ የ57 ዓመት ሰው፣ ኦክቶበር 24 ቀን 2014 ያለ ምንም ክፍል እንደ ልብስ ከፊኛው ሥር ተንጠልጥሎ 41,419 ሜትር ድረስ ወጣና ወረደ፤ ጭብጨባም አልጠራም። ፈረንሳዊው ሚሼል ፉርኒዬ በበኩሉ ዓመታት ሲዘጋጅ ኖሮ በሜይ 2008 ካናዳ ውስጥ ፊኛው እሱን መሬት ላይ ጥሎት ብቻውን አረገ። ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን አልዘለቀም።

ጓደኛዬን ዝም ያሰኘው ኒክ ፒያንታኒዳ ነው። የኒው ጀርዚ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ የጦር ኃይልም ባለ ሹመትም አይደለም። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1966 ከ37 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ፤ ኪቲንገርን በስድስት ኪሎ ሜትር በለጠ። በሩ ላይ ሊቆም ሲል ከመንኮራኩሩ ጋር የሚያገናኘው የኦክስጅን ቱቦ አልፈታ አለው። በዚያ ወፍራም ጓንት ታገለ፣ አልተቻለም። መዝለል አማረው፣ ቱቦው ያዘው፤ መሬት ያሉት ፊኛውን ቆረጡና ከነመንኮራኩሩ አወረዱት። ስላልዘለለ የዝላይ ክብረ ወሰን የሚባል አልተመዘገበለትም። ሜይ 1 ቀን ተመልሶ ወጣ። 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ልብሱ ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት አመለጠ፤ ወዲያው ቢያወርዱትም አንጎሉ ተጎድቶ ነበር። ሳይነቃ አራት ወር ያህል ተኝቶ ኦገስት 29 ቀን 1966 በ34 ዓመቱ ሞተ።

እሱስ ዘለለ ወይስ ወደቀ? ጓደኛዬ ትራሱን አዙሮ መብራቱን አጥፋ አለኝ።