ጠጅ በማይገባበት ቤት ጠጅ ሳር

ሐሙስ ማታ ነው። ፊንጃል እያጠብኩ ሳለ የምሠራበት ቤት ትልቋ ልጅ ከሞል መጣችና እጄን ከውሃው አውጥታ ሽቶ ነፋችበት። «ምን ይሸታል?» አለችኝ። ደማም፣ አል ሙሐመዲያ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ፈተና ተፈተንኩ።

ስሙ ሮዝስ ኦን አይስ ይባላል፤ በረዶ ላይ የተቀመጠ ጽጌረዳ እንደ ማለት። የኪሊያን ሽቶ ነው። መሥራቹ ኪሊያን ሄነሲ፣ አዎ፣ የዚያው የኮኛኩ ሄነሲ ቤተሰብ ልጅ፣ በ2007 (እ.ኤ.አ.) በራሱ ስም ሽቶ መሥራት ጀመረ፤ በ2020 ደግሞ መጠጥ መጠጥ የሚሸቱ ሽቶዎች አወጣ። አንደኛው «የመላእክት ድርሻ» ይሰኛል። ኮኛክ በርሜል ውስጥ ሲከርም ከላዩ ተንኖ የሚጎድለውን ሠሪዎቹ እንዲያ ነው የሚሉት። (መላእክቱን ማን እንደጠየቃቸው እንጃ።) ይሄኛው ግን ከጂን ኮክቴል የተቀዳ ነው፦ ኪያር፣ ሎሚ፣ የጥድ ፍሬ፣ ከዚያ ጽጌረዳው።

አስቡት እንግዲህ። ሳዑዲ በ1952 (እ.ኤ.አ.) አልኮል ከከለከለች ስንት ዓመት ሆናት! እዚህ ኮክቴል ብትሉ ጁስ ቤቱ የሚሰጣችሁ አቮካዶና ማንጎ የተነባበረበት ብርጭቆ ነው፤ የኛው ስፕሪስ። ልጅቷ ጂን ቀምሳ አታውቅም፣ እናቷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ሦስት ሴቶች ዋናውን ሳናውቅ ቅጂውን ይመስላል አይመስልም እያልን እንፈርዳለን።

እኔን ግን የያዘኝ ጥዱ ነው። የጂኑ ጥድ ከኛ ጥድ በዝርያ ይለያል፤ ዘመዳሞች ናቸው። የኛው ጥድ ራሱ ደግሞ ባሕሩን ተሻግሮ እዚሁ ሳዑዲ፣ አሲር ተራሮች ላይ ይበቅላል። እሱ ያለ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ነው የሚኖረው። ብቻ ጥዱ ሲሸተኝ ሎሚው ተከተለው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ወሎ፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የአያቴ ደጅ ላይ አገኘሁት ራሴን። ከጓሮ ጥድ፣ ከበሩ ሥር ጠጅ ሳር።

አያቴ ሶላቷን የማታጓድል ሙስሊም ናት። እቤቷ ጠጅ ገብቶ አያውቅም፤ ለእንግዳ የሚቀርበው ብርዝ ነው፣ ያውም ዕቃው አስቀድሞ በወይራ ታጥኖ። ታዲያ ክረምት ሲመሽ «እስቲ ጠጅ ሳር ቁረጪልኝ» ትለኝ ነበር፣ ሻይ ውስጥ ልትጨምረው። ስሙ ጠጅ፣ ቤቱ ጠጅ የማይገባበት፣ ጠያቂ የለ። ፈረንሳዊው ኪሊያን ሽታን በመጠጥ ስም ሲሸጥ አዲስ ነገር የፈጠረ ይመስለዋል። ሳሩን ጠጅ ብሎ የሰየመው የኛ ሰው ስሙን እንኳ አላስመዘገበም።

ያን ማታ ሳሎን የነበሩት እንግዶች ሊነሱ ሲሉ መዳም መብኸራውን፣ የዑድ ማጠኛውን፣ አመጣች። ዑድ ከታጠነ በኋላ መቀመጥ የለም ይላሉ እዚህ። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ይገርመኝ ነበር። እኛ ዘንድ እጣን ከጨሰ ጀበናው ቀርቧል ማለት ነው፤ ሊሄድ የነበረውም ይቀመጣል። እነሱ በጭስ ይሸኛሉ፣ እኛ በጭስ እናስቀምጣለን። ጭሱ ሳሎኑን ሲሞላ በረዶ ላይ ያለው ጽጌረዳ አለቀለት። እውነቱን ልናገር፣ ያለ ዑዱም ብዙ አይቆይም ነበር፤ ለደማም ሙቀት የተሠራ አይደለም፣ ከኤሲው እስከ ግቢው በር ቢደርስ ነው። የልጅቷ ሴት አያት የምትቀባው የጣኢፍ ጽጌረዳ ግን ጭሱን አልፎ ይሸታል። እሱ ዘይት ነው፤ አበባው በጸደይ፣ ፀሐይ ሳይጠነክርበት በማለዳ ይለቀማል። ከጆሮዋ ሥር ጠብ ካደረገችው እስከ ማግስቱ ትራሷ ላይ አለ። ትራስ ልብሱን የማጥበው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ልጅቷ ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ መጣች። «አልነገርሽኝም እኮ፣ ምን ይሸታል?»

ጠጅ ሳርን በዓረብኛ ምን እንደምለው ጠፋኝ። ጠጅ የሚለውን ቃል ብተረጉመውማ ሌላ ጣጣ ነው።

«ሻይ» አልኳት። «የአያቴን ሻይ።»

ልትስቅ አፏን ከፈተችና ተወችው። እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደገና አሸተተች።