ዶክተር፣ አራት ኪሎ የት ልብላ?



ባለፈው ሳምንት በውስጥ መስመር አንድ አጭር መልእክት ደረሰኝ። «ዶክተር፣ ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ክትፎ በጣም አምሯታል። እርስዎ አራት ኪሎን ያውቁታልና ንጹሕ ክትፎ ቤት ይጠቁሙኝ፤ ቅዳሜ ልወስዳት ነው» ይላል። ለሰውየው ወዲያው በግል መልሼለታለሁ። ነገር ግን «የት ልብላ?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ስለሆናችሁ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

አራት ኪሎን በደንብ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን የተማርኩት እዚያው ሳይንስ ፋኩልቲ ነው። ያኔ ምሳ የምንበላው ሦስት አራት ሆነን ሳንቲም አዋጥተን ነበር። ዛሬም ሥራዬ ከዚያ ስለማይርቅ፣ ከሚያዝያ 27 አደባባይ በአምስት ኪሎ አድርጎ እስከ የካቲት 12 አደባባይ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ያልቀመስኩት የምግብ ዓይነት የለም ማለት እችላለሁ። ፉል ቤቱ፣ ጁስ ቤቱ፣ የጾም ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ በቆርቆሮ ከለላ ውስጥ ሽሮ የሚሸጡት እናቶች፣ ሁሉም ደንበኛ ያውቁኛል።

ሆኖም የቤት ስም አልጠራላችሁም። አብሳዩ ሲቀየር ቤቱ ይቀየራል። ባለፈው ዓመት አፌን ሞልቼ የመሰከርኩለት ቤት ዛሬ በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የኮሪደር ልማቱ ስንቱን ቤት ከቦታው አንስቶታል። እኔ ራሴ ውጭ ስበላ መጀመሪያ የምመርጠው ምግቡን፣ ቀጥሎ ሰዓቱን፣ በመጨረሻ ቤቱን ነው። ይህን ቅደም ተከተል ከያዛችሁ ሃያ ሁለትም ሂዱ ሳሪስ ያው ነው።

እንግዲህ ከክትፎው ልጀምር።

«ንጹሕ ክትፎ ቤት» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወለሉ የሚያበራ፣ አስተናጋጁ ነጭ ጋውን የለበሰ ቤት ነው። ችግሩ ያለው ግን ሥጋው ውስጥ ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ በከብት፣ በበግና በፍየል ሥጋ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ጤነኛ ሰው ቢይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሳያውቀው ያልፋል። ነፍሰ ጡር ሴትን ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ከያዛት ግን በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ጽንሱ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ የሚመጣው ጉዳት ከባድ ነው፤ ውርጃ፣ የሕፃኑ ዓይን መጎዳት፣ የአንጎል ጉዳት። አንዳንዱ ጉዳት ደግሞ ልጁ ከተወለደ ዓመታት በኋላ ነው የሚታየው። ሥጋ ሻጩ ምንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን፣ ቢላውን ምንም ያህል ቢያጥብ፣ ይህን ነገር ከሥጋው ውስጥ ሊያወጣው አይችልም። የቄራ ሐኪምም በዓይኑ ሊያየው አይችልም።

«እኔ እናቴ እርጉዝ ሆና ጥሬ እየበላች ነው የወለደችኝ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ከእርግዝና በፊት ተሕዋሱ ይዞት ስለሚያልፍ ሰውነቱ መከላከያ አዘጋጅቷል። እናታችሁ ከእነዚያ አንዷ ትሆናለች። የዚህች ሴት ግን በደም ምርመራ ካልሆነ በቀር አይታወቅም፤ ባልታወቀ ነገር ደግሞ በልጅ አይቆመርም።

ስለዚህ ለባልየው የመለስኩለት ይኸው ነው። ክትፎ ቤት ውሰዳት፣ አምሮቷን አትከልክላት፣ ግን «ብስል» ብለህ እዘዝ። ለብለብ አይበቃም፤ ለብለብ ማለት ቅቤው ሞቆ ሥጋው ጥሬ ነው። ሲመጣ ገለጥ አድርገህ እየው፣ መሐሉ ቀይ ከሆነ መልሰው። አንተም ያን ቀን ብስል ብላ። ይህን ያልኩት አብረህ ጹም ለማለት አይደለም። ትሪው አንድ ነው፣ ጉርሻ ደግሞ አይቀርም፤ ባል ጥሬ እየበላ ሚስት ብስል ብቻ በልታ የተነሣችበትን ገበታ እኔ አይቼ አላውቅም። ጎመኑ የበሰለ ስለሆነ ችግር የለውም። አይቡ ግን ወተቱ መፈላቱ ካልታወቀ ይቅርባት፤ ካልተፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ይመጣል፣ እሱም ለጽንስ ጥሩ አይደለም።

ነፍሰ ጡር ላልሆናችሁት ደግሞ የኮሶ ትል አለላችሁ። ስለ እሱ ስናወራ መሳቅ ይቀናናል። ክሊኒክ መጥቶ ጮክ ብሎ የሚናገር ግን የለም፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ነው «ዶክተር፣ ነጭ ነገር ሲወርድ አየሁ፣ ይንቀሳቀሳል» የሚሉኝ። ትሉ አንጀት ውስጥ በርካታ ሜትር ድረስ ይረዝማል። የሚገባው እጩ በከብቱ ጡንቻ ውስጥ እንደ ትንሽ ከረጢት ተቀምጦ ነው። ከብቱ ያገኘው ደግሞ በሰው ዓይነ ምድር ከተበከለ ሣር ወይም ውሃ ነው፤ ዑደቱ እኛው ጋ ተነሥቶ እኛው ጋ ያልቃል። የቄራ ማህተም ያለበት ሥጋ ከሌለው እጅግ ይሻላል፣ ሁልጊዜ ማህተም ፈልጉ። ይሁንና መርማሪው የሚቆርጠው የተወሰኑ ጡንቻዎችን ስለሆነ ጥቂት ከረጢት ብቻ ያለበት ሥጋ ሊያልፈው ይችላል። ሚጥሚጣ አይገድለውም። አዋዜም አይገድለውም። አረቄ ጠጥቼበታለሁ የምትሉት እናንተም አትድከሙ። የሚገድለው እስከ መሐሉ የደረሰ እሳት ነው፤ ሥጋን ለብዙ ቀናት በጠንካራ በረዶ ማቆየትም ይገድለዋል፣ ግን ሥጋ ቤት ተሰቅሎ የምታዩት ቁርጥ በረዶ ውስጥ አልነበረም።

ቁርጥ ተዉ ብላችሁ እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አልልም። የምለው ምልክቱን ካያችሁ ታከሙ ነው። ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ነው። የኮሶ ዛፍን አበባ ወቅጦ መጠጣት ግን ተዉት፤ መጠኑ አይታወቅም፣ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

አሁን ደግሞ ደስ ወደሚለው እንሂድ። አራት ኪሎ ላይ እኔ ያለ ሐሳብ የምበላው ምግብ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ተጋቢኖ ሽሮ። በሸክላ ላይ እየተንተከተከ ይመጣል፣ ከእሳት ወርዶ እናንተ ጋ እስኪደርስ ደቂቃ አይሞላም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቢሆንም ተቅማጥና ታይፎይድ አምጪ ጀርሞችን ለመግደል ይህ ከበቂ በላይ ነው። የተጨነቀ ሰው ቤት ሲመርጥ ይውላል፤ የሚንተከተክ ሽሮ ያዘዘ ሰው ግን ግማሹን ጭንቀት እሳቱ ወስዶለታል። ዋጋውም ቀላል ነው። ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ በርካታ ተማሪ የሚበላበት ሽሮ ቤት ካያችሁ ግቡ፤ ድስቱ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ያደረ ነገር የሚቀርብበት ጊዜ የለም።

በያይነቱ ላይ ግን ሰዓት ወሳኝ ነው። ረቡዕና ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ከሄዳችሁ ምስሩም ክኩም ከምድጃ የወረደ ነው፤ ሰው ስለሚበዛ ሲያልቅ እየተሠራ ይተካል። ያንኑ ምግብ ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ብትበሉት ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠውን ነው የምትበሉት። የበሰለ ምግብ ሳይሞቅ ወይም ሳይቀዘቅዝ ለብ ብሎ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲቆይ ጀርም ይራባበታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ሁዳዴ ላይ ይህን አስቡበት፤ ለእናንተ አብዛኛው ቤት የሚያቀርብላችሁ ረፋድ ላይ የተሠራውን ነው። «እንደገና ይሞቅልኝ» ማለት ነውር አይደለም። እትዬ እያልኩ የምጠራቸው አንዲት ሽሮ ሻጭ እናት እንዲያውም ሳይጠየቁ ነው የሚያሞቁልኝ፤ «ለብ ያለ ለጠላትም አይሰጥ» ይላሉ። ጥሬ ሰላጣውን፣ ቲማቲሙንና ስንጉን ጠርዝ ላይ ተዉት። ከከተማዋ አትክልት ከፊሉ የሚለማው በአቃቂ ወንዞች ውሃ ነው፤ ያ ውሃ ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ቤቱን በመጨረሻ አልኩ አይደል? ቤት ስገባ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የእጅ መታጠቢያው፤ ውሃ አለ ወይ፣ ሳሙና አለ ወይ። ለደንበኛ ሳሙና ያላስቀመጠ ቤት ለአብሳዩ አስቀምጧል ብዬ አላምንም። ሁለተኛው ገንዘብ የሚቀበለው እጅ ነው። ብር ተቀብላ፣ መልስ ቆጥራ፣ በዚያው እጇ እንጀራ የምታጥፍ ልጅ ካየሁ ሻይ ብቻ ጠጥቼ እወጣለሁ። መስታወቱና ወንበሩ ምንም አይነግረኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ሥጋ ቤቶችንም ሽሮ ቤቶችንም ወክዬ ልከራከርላቸው። «ትናንት እዚያ ቤት በላሁ፣ ዛሬ ታይፎይድ ያዘኝ» ብላችሁ ስም ታጠፋላችሁ። ታይፎይድ ከተበከለ ምግብ ወይም ውሃ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። የትናንቱ ቤት ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ምናልባት ረስታችሁታል። በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ የዊዳል ምርመራ ብቻ «ታይፎይድ አለብህ» ተብላችሁ አንቲባዮቲክ የወሰዳችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ዊዳል ድሮ ያለፈን በሽታም፣ ሌላ በሽታንም ታይፎይድ ብሎ ሊያነብ ይችላል። በበላችሁ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ግን የዚያን ቀን ምግብ መጠርጠር ትችላላችሁ።

ስኳርና ደም ግፊት ያለባችሁ፣ ፍርሃቴ በእናንተ ላይ ሌላ ነው። ስፕሪሱን ያለ ስኳር እዘዙት፤ እንዲያም ሆኖ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ብዙ ፍራፍሬ ነው፣ ግማሽ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመክረው ጨው ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ውጭ ስትበሉ ጨው ስንት እንደተጨመረ አታዩም። ስለዚህ ጨው አሳንሱልኝ በሉ፣ መረቁን ጠርጋችሁ አትጨርሱ።

በመጨረሻ ለአስታማሚዎች። ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሆስፒታል ያስተኛችሁት ሰው አላችሁና ከአካባቢው ምግብ ገዝታችሁ ትገባላችሁ። ትኩሱን ግዙ፣ በዘግታ ያዙ፣ ሕመምተኛው ወዲያው ካልበላ ኮመዲኖ ላይ እስከ ማታ አታቆዩለት። «ሲርበው ይበላል» ተብሎ የተቀመጠ ፍርፍር በደከመ ሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። እንዲያውም ሁለት ጊዜ በትንሽ በትንሹ መግዛት ይሻላል፣ የተረፈውን እናንተ ወዲያው ብሉት።

ተጠንቅቃችሁም ተቅማጥ ከያዛችሁ ኦአርኤስ ከመድኃኒት ቤት ግዙ። ካጣችሁ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ልክ ለክታችሁ በጥብጡና ቶሎ ቶሎ ፉት በሉ። ደም ከታየ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሽንት ከጠፋ፣ ወይም የታመመው ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነ ግን ቤት አትቀመጡ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።