የኮምፒዩተር ድምፅና የቤት ገንዘብ

ለቤት የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ሁለት ጊዜ ሊመዘን ይገባዋል፤ አንደኛ በዋጋው፥ ሁለተኛም በሚሰጠው ጥቅም። ኮምፒዩተር በገባበት ቤት ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ ከማዘርቦርዱ ጋራ ተሠርቶ የሚመጣው የድምፅ ክፍል ይበቃልን? ወይስ ሌላ የድምፅ ካርድ ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል? ይህ ክርክር በእኛም ቤት ተነሥቶ ስለ ነበረ፥ መርምረን ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን መግለጥ መልካም መስሎ ታየን።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ፥ የቀድሞው የአይቢኤም ኮምፒዩተርና መሰሎቹ በትንሽ ድምፅ ማጉያቸው ጢጥ ከማለት በቀር እምብዛም የሚያሰሙት አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1987 አድሊብ፥ በ1989ም ሳውንድ ብላስተር የተባሉት ካርዶች ወጡ፤ ያን ጊዜ መልካም ዜማ ከኮምፒዩተር ለመስማት የሚሻ ሰው ካርድ መግዛት ግድ ይሆንበት ነበር። ዳሩ ግን ኢንቴል በ1997 ኤሲ 97፥ በ2004ም ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ የተባሉትን ሥርዐቶች ካወጣ ወዲህ፥ የድምፁ ሥራ በትንሽ ቺፕ ተጠቃሎ ከማዘርቦርዱ ላይ መተከሉ የተለመደ ሆነ፤ ዋጋውም ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ጋራ ተደመረ።

ወንዱ ልጃችን ካርዱ ይገዛ ቢል፥ እኅቱ ያለው ይበቃል ብላ ተከራከረችው። እኛም ሥራችን በፍርድ ቤት የግራ ቀኙን ቃል መጻፍ ነውና፥ ማስረጃ ሳይቀርብ ፍርድ አይሰጥም አልን። ልጁ ከባልንጀራው ካርድ ተውሶ አስገባ። የጐላ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና፥ የሁለቱን ልክ እኩል አደረግነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ፥ በአንድ ማዳመጫ አንዱን ዘፈን ዐሥር ጊዜ ሰማ፤ እኅቱም እየቀያየረች «ይህ የትኛው ነው?» ብላ ብትጠይቀው፥ ያወቀውና የሳተው እኩል ሆነ። ይህ ሊያስደንቅ አይገባም፤ የሲዲ ድምፅ በየሴኮንዱ 44,100 ጊዜ የተለካ ሲሆን፥ ይህን አጥርቶ ማሰማት ለዛሬዎቹ ቺፖች ከባድ ሥራ አይደለም።

ጕዳዩ ለመስማት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ባለቀ ነበር። ነገር ግን እናታችን ሰማንያ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የዘራችንን ሐረግ እስከ ሰባት ቤት በቃል የሚቈጥሩ እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ድምፃቸውም ከዓመት ወደ ዓመት እየሰለለ ሄዷል። ቃላቸውን ለመቅዳት አስበን ነበርና፥ ማይክሮፎኑን ከማዘርቦርዱ ላይ ሰክተን ማንም ሳይናገር ጥቂት ቀዳን። መልሰን ብንሰማው እንደ ንብ ያለ ጕምጕምታ ነበረበት፤ ማውሱ በተነቃነቀ ቍጥርም ይለዋወጥ ነበር። ከማይክሮፎን የሚመጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ደካማ በመሆኑ፥ በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሌሎች ክፍሎች የሚያስነሡት ሁከት በቀላሉ ይቀላቀልበታል። የውሰት ካርዱም ጕምጕምታውን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም፤ እርሱም የተቀመጠው በዚያው ሣጥን ውስጥ ነውና።

ስለዚህ ከሣጥኑ ውጭ ሆኖ በዩኤስቢ ገመድ የሚቀጠል፥ የማይክሮፎኑን ድምፅ ራሱ የሚያጐላ ትንሽ መሣሪያ ገዛን። ባለቤታችንም ለምንጣፍ ያኖረችውን ገንዘብ ለዚህ ይሁን አለች። መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ስለ ሆነ፥ እናታችንን ሳናንገላታ ከቤታቸው ድረስ ወሰድነው። እርሳቸው ግን «ለአንዲት አሮጊት ወሬ ይህን ያህል ገንዘብ ታወጣላችሁን?» ብለው ገሠጹን። በኋላ የቅድመ አያታቸውን ስም በገዛ ድምፃቸው ሲጠራ በሰሙ ጊዜ ጥቂት ዝም አሉና፥ «የዘለልሁት አለ፤ እንደ ገና ክፈቱት» አሉን።

እንግዲህ ዘፈን ለመስማት፥ ትምህርት ለመከታተል፥ ዘመድ ለማነጋገር የሚሻ ሰው ከኮምፒዩተሩ ጋራ የመጣውን አስቀድሞ ይሞክር፤ ገንዘብ ቢተርፈውም ለመልካም ማዳመጫ ያውለው። የሚቀዳ ነገር ያለው ሰው ግን በመጀመሪያ ዝምታውን ቀድቶ ያድምጥ፤ ጕምጕምታ ቢያገኝበት ከሣጥኑ ውጭ የሚሆነውን መሣሪያ ይግዛ፤ ማይክሮፎኑንም ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ያቅርበው። መሣሪያው ዘንድሮ ባይገዛ ለከርሞ ይገዛል፤ የሽማግሎች ቃል ግን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ካልተቀዳ፥ በኋላ የሚገኝበት ገበያ የለም።